ከእንፋሎቱ ጋር የሄደ ሽታ

ባለቤቴ በተቀበረ ማግስት ቤታችን በለቀስተኛ ተሞላ። የምንኖረው ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በአንዱ ላይኛው ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍቱ ጠባብ ስለሆነ ሰዎች ታች ተራ እየጠበቁ በየጥቂቱ ነው የሚወጡት። ልቅሶውም አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ይነሣል፣ ይበርዳል፣ ደግሞ ይነሣል። እኔን ሶፋው ጥግ አስቀምጠውኛል። ሐዘንተኛ ኩሽና አይገባምና ኩሽናዬን የጉባኤያችን እኅቶች ተረክበውታል፤ እሑድ እሑድ በኪራይ አዳራሽ አብረን የምናመልክ ሴቶች ናቸው። ድስቱ የት እንዳለ፣ ስኳሩ የት እንዳለ አይጠይቁኝም። መደርደሪያውን ሁሉ እየከፈቱ ራሳቸው ይፈልጋሉ። ባሏን ቀብራ የመጣች ሴት ስለ ስኳር አትጠየቅም።

ከሰዓት በኋላ ላይ ከዚያ ኩሽና አንድ ሽታ መጣ።

መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ ነበር። ቀጥሎ ከዝናብ በኋላ የታጨደ ሣር። ከሥሩ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሁሉም መጨረሻ ደግሞ የጥድ ሙጫ። እንዲህ እየለየሁ የምጽፈው ዛሬ ነው። ያን ዕለት የለየሁት ነገር አልነበረም፤ በልቤ ያልኩት «መጣ» ብቻ ነው። በሕመሙ ወራት፣ ሻል ባለው ቀን ከመኝታ ቤት ወጥቶ ወደ እኔ ሲመጣ እግሩን የሚቀድመው ይህ ሽታ ነበር። ፊቴን ወደ መኝታ ቤቱ በር አዞርኩ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ። አልጋው ላይ ከተከመሩት ካፖርቶች የራሷን ፈልጋ ያገኘች አንዲት ሴት ወጣች።

ኩሽናውን የምትመራው እኅት ትሪ ይዛ ብቅ አለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ማይክሮፎን ባትይዝም እንደያዘች ነው የምትናገረው።

«ጦስኝ ነው» አለች። «የአገር ቤት ጦስኝ። ማር ጨምሬበታለሁ፤ ሆድ ያሞቃል፣ ጠጡ።»

ጦስኝ አልነበረም። ጦስኙ ከኮሰረቱና ከበሶብላው ጎን፣ በማርመላታ ጠርሙስ እንደተቀመጠ ነው። እሷ ያነሣችው ከበስተኋላው የነበረውን ሌላ ጠርሙስ ነው። ምንም አልተጻፈበትም። ውስጡ ደርቆ የተፈረፈረ፣ ግራጫ ቀመስ አረንጓዴ ቅጠል ነበር። ከአገር ቤት በሻንጣ ተጨፍልቆ ከሚደርሰን ጦስኝ ለይቶ የሚያየው፣ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ካናቢስ፣ ሐሺሽ የሚሉት ቅጠል ነበር። የጉባኤው የጸሎት ሽማግሌ የነበረው ባለቤቴ ለሕመሙ ሲወስደው ቆይቶ የተረፈው።

ልከልክላቸው ብል የምን ቅጠል እንደሆነ ልነግራቸው ነው። ሲኒው እጅ በእጅ ዞረ። እናቶች እፍ እያሉ ጠጡ። የሕንፃው ሰው ሁሉ «አባባ» የሚላቸው አንድ አዛውንት ኤርትራዊ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በልጅነታቸው አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ እዚህ ዕድሜያቸውን ባቡር ጣቢያ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ሲኒውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና እጃቸው እዚያው ቆመ።

«ወይዘሮ፣ ይህ ጦስኝ የየት ነው?» ብለው ጠየቋት።

«የደጋ ነዋ አባባ። ሽታው አይነግርዎትም?»

«ነገረኝ። እኔ ግን ባቡር ጣቢያ የበቀለ መስሎኝ።»

«ባቡር ጣቢያ ጦስኝ አለ እንዴ?»

«ሞልቶ። ልጆቹ ይሸጡታል።»

«እንግዲህ ያንን አይነግሩንም! እኛ እዚህ ከአገር ቤት በሻንጣ ስናስመጣ እንሞታለን።»

«ትንሽ ይወደዳል ብዬ ነው» አሉ።

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። በዚያ ጣቢያ መተላለፊያዎች ውስጥ ስንት ዓመት እንደጠረጉ፣ አፍንጫቸው ምን ምን እንደሚያውቅ ገባኝ። አንድ ቃል ቢጨምሩ የባለቤቴ ስም በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ይቀበር ነበር። አባባ ሲኒያቸውን እስከ አተላው ጨለጡና ለእኅታችን ዘረጉላት።

«ድገሚኝ፣ ልጄ። ነፍስ ይማር።»

በዚያች ሰዓት ግን ከስሙ ይልቅ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ከኩሽና የቧንቧ ውሃ ድምፅ ሰማሁ። ጠርሙሱን እያጠቡት ነበር።

*

ባለቤቴ ቀለም ቀቢ ነበር። ፍራንክፈርት ውስጥ ቤት የቀየረ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ አገር ተከራይ ቤት ሲለቅ ግድግዳውን ነጭ ቀብቶ፣ በሩንና የማሞቂያውን ብረት አድሶ ነው ቁልፍ የሚያስረክበው። የእኛ ሰው ደግሞ ከቦከንሃይም የጋራ ቤት ወደ ሰሜኑ ሰፈር፣ ከዚያም ወደ ሌላ ሲዛወር ነው የሚኖረው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ባሌ የአንዱን በር ይቀባል። የራሳችን የመኝታ ቤት በር ግን ከገባንበት ጊዜ ጀምሮ እንደ ሻይ ነጠብጣብ ቢጫ ሆኖ፣ ታችኛው ጥግ ላይ ተላልጦ ቀረ። «የቀጣዩ ቅዳሜ ነው» ይላል። ቅዳሜ ሲደርስ ሌላ ሰው ይጠራዋል።

የዘይት ቀለም የሚያቀጥንበት ተርፔንቲን ከጥድ ሙጫ የሚወጣውን እውነተኛውን ነበር። በሱቅ በርካሽ የሚሸጠውን ምትኩን አይነካም። «ያ የነዳጅ ልጅ ነው፤ ራስ ያሳምማል» ይላል። ሥራ ውሎ ሲገባ ሽታው ኮሪደሩን ይሞላዋል። «ልብስህን በረንዳ ላይ አውልቅ» እለዋለሁ። «ከልብሱ ነው እንዴ? ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል። እኔንም በረንዳ ላይ አስጪኝ» ይለኛል። በትዳራችን ስንት ጊዜ ይህንን እንደተባባልን አላውቅም፤ እንደ ሰላምታ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ሆዱ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሞቹ በክንዱ የሚያንጠባጥቡለት መድኃኒት ዕጢውን ያዘው አሉ፤ ምግቡንም አብሮ ያዘው። ውሃ እንኳ ያስመልሰው ጀመር። ትልቅ ሰው ነበር፤ ሸሚዙ በላዩ ላይ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ መሰለ።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ አሮጊት ጀርመናዊት ነበሩ። እንደ ዛሬዋ እኔ ባላቸው የሞተባቸው፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ። ባሌ ጣሪያቸውን ቀብቶላቸው ስለነበር ተዋደዋል። «እማማ» ነው የሚላቸው። ትርጉሙን ጠይቀው አያውቁም፤ ይስማማቸዋል መሰለኝ አቤት ይላሉ። አንድ ጠዋት ደረጃ ላይ ያዙኝ።

«ሳል አይደለም የምሰማው ከላይ፤ ማስመለስ ነው። አይደል?»

«አዎን።»

«ነይ ቲማቲሜን ላሳይሽ።»

በረንዳቸው ላይ ከቲማቲሙ መካከል ቅጠላቸው እንደ ጣት የተዘረጋ ሁለት ተክሎች ቆመዋል። የሕንፃው ጠባቂ አንድ ቀን አይቶ «ይህኛው ለምን አያፈራም?» ብሎ ጠይቋቸው፣ «ዘግይቶ የሚያፈራ ዘር ነው» ብለው መለሱለት። ወጣት ሆነው ሙያውን በተማሩበት መድኃኒት ቤት፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ የዚህ ቅጠል ጭማቂ ያለበት ጥቁር ብልቃጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር አሉኝ። ማንም አያዘውም፤ ግን የሚጥለውም የለም። ክዳኑን እየከፈቱ ያሸቱት ነበር።

ለባሌ ስነግረው ትራሱ ላይ ቀና አለ።

«እኔ? ወጣቶቹን ከመድረክ ላይ ስንት ጊዜ የገሠጽኩ ሰውዬ?»

«አንተ ታውቃለህ።»

ሰነበተ። ከዚያ አንድ ቀን ሳህን ላይ ካስመለሰ በኋላ አፉን ጠርጎ፣ «ጸልዬበታለሁ» አለኝ። «መልስ አላገኘሁም። ማስመለሱ ግን መልስ እየሰጠ ነው። አምጪው እንግዲህ።»

ማጨስ አይሆንም አለ፤ ሳንባዬን ለቀለም ሰጥቻለሁ ብሎ። እማማ የቅጠሉን ኃይል ቅባት ነው የሚያወጣው ስላሉኝ በምናውቀው መንገድ ሄድን። ቅቤ ከኮሰረትና ከበሶብላ ጋር ሳነጥር ቅጠሉንም አብሬ ጨመርኩት። እማማ በማንኪያ ጫፍ ቀመሱ። «ልጄ፣ ይህን ቅቤ ያለ ቅጠሉ እስከ ዛሬ ለምን አላቀመስሽኝም?» አሉኝ።

በትንሽ ዳቦ ላይ ይቀባለታል። ከመውሰዱ በፊት ግን ጠርሙሱን ከፍቶ የደረቀውን ቅጠል ማሽተት ወደደ። ሁለቱ ተክሎች ሽታቸው አንድ አልነበረም። አንደኛው ሎሚ ሎሚ ይላል፤ እሱን ሲያሸት አፉ ምራቅ ይሞላና ምግብ ይጠይቀኛል። ሁለተኛው ያለፈበት ማንጎ የሚመስል፣ ከባድ ሽታ ነው፤ እሱ ያለበትን ቅቤ የወሰደ ቀን ዓይኑ ይከብድና እንቅልፍ ይወስደዋል። ኋላ ሁለቱን በአንድ ጠርሙስ ቀላቀልናቸው።

እማማ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ያስረዱት ነበር። እኔ ቡና ቤት በማጽዳት ሥራ ላይ ስለምውል ብዙውን የሰማሁት ከእሱ ነው፤ ተኝቶ እየጠበቀ ይነግረኛል። ሽታ አንድ ነገር አይደለም አሉት፤ የብዙዎች ማኅበር ነው። ቅጠሉ ላይ ጤዛ የሚመስሉ ጥቃቅን የሙጫ ጠብታዎች አሉ፤ ሽታዎቹ እነሱ ውስጥ ተቀምጠው ይኖራሉ፤ ሙቀት ሲያገኛቸው ይነሣሉ። ቴርፔን ይባላሉ። ለዚህ ተክል ብቻ የተሠሩ አይደሉም። የሎሚው፣ በሎሚ ልጣጭ ያለው ያው ራሱ ነው። የቁንዶ በርበሬው በቁንዶ በርበሬ ያለው ነው። ከባዱ፣ ያ የሚያስተኛው፣ ቢራ የሚጣፍጥበት አበባ ውስጥም ማንጎ ውስጥም አለ። ጥድ ጥድ የሚለውም በጥድ ያለው ነው። የቱ ምን እንደሚያደርግ በወጉ የመዘነ ሰው አላውቅም፤ አፍንጫ የሚለውን ነው የምነግርህ አሉት።

አንድ ቀን ቅቤው በዛና ፈራ። ልቡ ይደልቃል፤ ግድግዳው እየቀረበኝ ነው ይላል። ወርጄ እማማን ጠራኋቸው። ቁንዶ በርበሬ ስጪኝ አሉ። ፍሬውን በጥርሱ ሰበር አድርጎ እንዲያሸት፣ እንዲያላምጥ አደረጉት። ቀስ እያለ ረጋ። በቁንዶው ይሁን እጁን ስለያዝኩት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲረጋ ወደ በሩ አየና፣ «ግድግዳስ ይቅረብ፤ ያ በር ሲቀርብ ነው ያሳፈረኝ» አለ። ሦስታችንም ሳቅን። እማማ በሩን ዞር ብለው አዩት፤ እውነትም አሳፋሪ ነበር።

እነዚያ ከሰዓት በኋላዎች ጥቂት ነበሩ። ሾርባ ጠጣባቸው። በመስኮት ሰማዩን እያየ፣ ይህንን ግራጫ ለማግኘት ነጩ ላይ ምን ያህል ሰማያዊ ጠብ እንደሚደረግ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ቅቤውም ዳቦውም የማይጠቅምበት ጊዜ መጣ።

ጠርሙሱ ግን ቀረ። በቀብሩ ጠዋት ከፍቼ አሽትቼ ዘጋሁት። ልብሱን ሰው ይወስዳል፣ አልጋው ይገለበጣል፣ ይህ ግን እኔ ጋ ይቆያል ብዬ ነበር።

*

ከለቅሶው በኋላ ሽታው መጋረጃው ውስጥ ጥቂት ሰነበተ። መስኮት መክፈት ተውኩ። እኅታችን ልትጠይቀኝ መጥታ «ቤቱ ታፈነ፤ ሰው እንዴት እንዲህ ይኖራል?» ብላ ሁሉንም በየተራ ከፈተቻቸው። ደግ ሴት ናት። በዚያው፣ «ያ ጦስኝ ከየት ነበር የመጣው? ያን ዕለት የተኛሁትን እንቅልፍ እስከ ዛሬ አልደገምኩትም» አለችኝ።

«አለቀ» አልኳት።

«ስታገኚ ለእኔም።»

«እሺ።»

ከዚያ ወዲህ ሽታው እኔን መፈለግ ጀመረ፤ ወይም እኔ እሱን። ሎሚ ስቆርጥ አንድ እጁን ያሳየኛል። ወንዙን ተሻግሬ በቢራ ፋብሪካው በኩል ሳልፍ፣ ነፋሱ ሲዞር፣ ያ ከባዱ ይመጣና እንደ ሰው ትከሻዬን ነክቶ ያልፋል። ቁንዶ በርበሬ ስወቅጥ ቆም እላለሁ። ግን እያንዳንዱ ብቻውን ነው። አንድ ሰው እጁን በአንድ ቦታ፣ ድምፁን በሌላ ቦታ ጥሎ እንደሄደ ነበር፤ ፊቱን የትም አላገኘሁትም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ኡባን በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ አንድ ወጣት አጠገቤ ተቀመጠ። ሽታው ጃኬቱ ውስጥ ነበረ። ሁሉም አንድ ላይ፣ ሎሚውም ሣሩም ሙጫውም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቦናመስ ሲደርስ አልወረድኩም። ልጁ እስኪወርድ ድረስ አብሬው ሄድኩ፤ የሄድነው እስከ መጨረሻው ፌርማታ ነው። በሩ ሲከፈት ዞር ብሎ፣ «ምን ፈለግሽ?» አለኝ በጀርመንኛ። ፊቱ ላይ ፍርሃት ነበር። አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት መንገዱን ሁሉ ወደ እሱ አዘንብላ ስትተነፍስ ቆይታለች። «ምንም» አልኩት። መድረኩ ላይ ቆሜ የመልሱን ባቡር ጠበቅኩ፤ ብርድ ነበር፣ ብርድ ደግሞ ምንም አይሸትም።

በበነጋው ወደ እማማ ወረድኩ። ትንሽ ይስጡኝ አልኳቸው፤ ልወስደው ሳይሆን ላሸተው። በረንዳቸውን አሳዩኝ። ቲማቲም ብቻ ነበር።

«ለሕመምተኛ ነበር ያበቀልኩት፤ ሕመምተኛው ሄደ። ነቀልኩት» አሉኝ።

ስለ ሻዩ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ሳቃቸውን አቆሙ።

«በውሃ? ውሃ ስካሩን አያወጣውም፤ እሱ ቅባት ይፈልጋል። እንግዶችሽ ይህን ያህል ነገር አልነካቸውም። እነሱ የጠጡትና የተነፈሱት ሽታውን ነው።»

«ሽታውን ነው እኔ የምፈልገው።»

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሽታ የነገሩ ወሬ አይምሰልሽ። ነገሩ ራሱ ነው። አፍንጫሽ የደረሰው ከቅጠሉ ተነሥቶ የሄደው ነው። ባሸተትሽ ቁጥር ያን ያህል ይቀንሳል። የተነሣ ደግሞ አይመለስም።»

ወደ ቤቴ ወጥቼ ሶፋው ጥግ፣ ያን ዕለት ባስቀመጡኝ ቦታ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ማር ጨምሮ፣ እፍ ብሎ፣ እሱን ጠጥቶት ሄደ ማለት ነው። በካፖርታቸው፣ በፀጉራቸው ይዘውት ወደየሰፈራቸው ተበተኑ። ለእኔ ደግሞ፣ ሐዘንተኛ ስለሆንኩ፣ ሲኒ አልደረሰኝም ነበር፤ ውሃ ነበር የሰጡኝ።

ከዚያ ያደረግኩትን ለማንም አልነገርኩም። የሎሚ ልጣጭ፣ የተሰበረ ቁንዶ በርበሬ፣ የማንጎ ልጣጭ፣ ከመድኃኒት ቤት ለእንቅልፍ ሻይ ተብሎ የሚሸጠውን ያንን የቢራ አበባ ገዝቼ በማርመላታ ጠርሙስ ውስጥ አደረግኩ። ክዳኑን ዘግቼ መስኮቱ ላይ ፀሐይ አሳየሁት። ስከፍተው ወጥ ሸተተኝ። ቁንዶውን ቀነስኩ፤ ሎሚ ጨመርኩ። ቀርቦ ቀርቦ፣ ልክ ሊዞር ሲል ፊቱ የማይታይ ሰው ነበር። እማማ አንድ ቀን መጥተው ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አዩት። ሳይጠይቁ ከፍተው አሸተቱ።

«ጥዱ የለም» አሉ። «ጥዱን አላስገባሽም። ደግሞ እሱን ለማግኘት ጫካ መሄድ አያስፈልግሽም፤ ባልሽ ቀለም የሚያቀጥንበት ተርፔንቲን ያው እሱ ነው። ቴርፔን የሚለው ስም እንኳ የወጣው ከእሱ ነው።»

እጄን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። በረንዳ ላይ አውልቀው ስለው የኖርኩት ያ ሽታ በቅጠሉ ጠርሙስ ውስጥም ነበረ። በሕመሙ ወራት ከመኝታ ቤት ሲወጣ «መጣ» ያሰኘኝ፣ ምናልባት ቅጠሉ ሳይሆን፣ ከሥራ የሚገባው ጤነኛው ሰውዬ ነበር።

*

ቤቱ ለአንድ ሰው ሰፊ ነው ተባለና ቦከንሃይም ውስጥ አንዲት ክፍል አገኘሁ። የማስረከቢያ ቀጠሮ ተያዘ። የጉባኤው ወንዶች ግድግዳውን እንቀባለን ብለው መጡ። «ጋሼ የሁላችንንም ቤት ቀብቶልናል» አሉ። በውሃ በሚቀጥነው ነጭ ቀለም፣ እየዘመሩ፣ በአንድ ቀን ጨረሱት። ያ ቀለም ሽታ የለውም። ወደ መኝታ ቤቱ በር ሲደርሱ ተዉልኝ አልኩ።

የሕንፃው ጠባቂ ምድር ቤት ያለችውን የዕቃ ክፍላችንን ባዶ እንዳደርግ አሳሰበኝ። የቀለም ማቅጠኛ ካለ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ መርዛማ ነገር የሚሰበስበው መኪና አደባባዩ ላይ ሲቆም ነው የሚሰጠው አለኝ። ወረድኩ። ቆርቆሮው በቀለም በተዥጎረጎረ ጨርቁ ተጠቅልሎ፣ ብሩሾቹ ሥር ተቀምጧል። ክዳኑ ዙሪያ ሙጫ ደርቆበታል። አልከፈትኩትም። ስወዘውዘው ታች ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ይዤው ወጣሁ፤ በመንገድ እማማ ቤት ገባሁ። ወደ አዲሱ ቤት ይዤው ልሂድ፣ ዘግቼ ላስቀምጠው፣ ቢያንስ አለ ማለት አይደለም ወይ አልኳቸው። ቆርቆሮውን በእጃቸው መዘኑት።

«አይቆይም» አሉ። «አየር እየገባው ይወፍራል፣ ይለወጣል። አንድ ቀን ስትከፍቺው ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቅሻል። የዘጋሽው ሁሉ የተቀመጠ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«የመድኃኒት ቤት ሰው ነኝ። የማውቀው ነገር ሁሉ ለአንድ ነገር የተሠራ ነው።»

በማስረከቢያው ዋዜማ፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ የመኝታ ቤቱ በር ፊት ለፊት ጋዜጣ አነጠፍኩ። የተላጠውን ጥግ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ። ከብሩሾቹ ጋር ከምድር ቤት ያወጣሁት የዘይት ቀለም ከዕድሜ ብዛት እንደ እርጎ ረግቷል። ክዳኑን በጨርቁ ይዤ አዞርኩትና ተርፔንቲኑን ጠብ አደረግኩበት።

ኮሪደሩ ሞላ።

ስላለቀስኩ አይደለም ዓይኔን ያቃጠለኝ፤ ሽታው ድሮም እንደዚያ ያቃጥል ነበር። ከኋላዬ የውጭው በር የተከፈተ፣ አንድ ሰው ጫማውን የሚያወልቅ መሰለኝ። እርግጠኛ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ሰው ቆሞ ነበር። ዞሬ አላየሁም። ብዞር ኮሪደሩ ባዶ መሆኑን አውቃለሁ፤ ካልዞርኩ ደግሞ በሩ እስኪያልቅ ድረስ ይቆያል። «በረንዳ ላይ አውልቅ» አልኩ፣ በሹክሹክታ። ብሩሹን ነከርኩ። ከታች ወደ ላይ ጨርሺ ይለኝ ነበር፤ መሐል ላይ አታቁሚ፣ ያቆምሽበት ይታወቃል። መሐል ላይ አላቆምኩም። ቀለሙ እስከሚያልቅ፣ ተርፔንቲኑም እስከሚያልቅ ቀባሁ። ከዚያ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ፣ መስኮቶቹን ራሴ ከፈትኳቸው።

በማግሥቱ የአከራዩ ሰው መጣ። በየክፍሉ ዞረ። ግድግዳውን ቀና ብሎ ብቻ አየው፤ በሩ ጋ ሲደርስ በጣቱ ነካ አደረገ።

«ይህን ባለሙያ ነው የቀባው» አለ።

«ባለቤቴ ቀለም ቀቢ ነው» አልኩት። ነበር አላልኩም። ክፍሉ ምንም አይሸትም ነበር።

ቁልፉን ሰጥቼ ባዶውን ቆርቆሮ ይዤ ወረድኩ። ሊፍቱ ውስጥ አባባ ነበሩ፤ ቆርቆሮውን አዩ፣ አፍንጫቸውን ትንሽ ቀና አደረጉ። «ይኼኛውስ ጦስኝ አይደለም» አሉኝ። «አይደለም አባባ» አልኳቸው። ታች ደርሰን ሲወጡ ራሴን ስመውኝ ሄዱ።

መኪናው አደባባዩ ላይ ቆሟል። ጓንት ያደረገው ሠራተኛ ቆርቆሮውን ተቀብሎ ምን እንደነበረበት ለማወቅ ክዳኑን አላላና አፍንጫውን አስጠጋ። አንድ ጊዜ፣ በረጅሙ ወደ ውስጥ ሳበ።

«እውነተኛው ነው» አለ። «አሁን ይህንን ማን ይጠቀማል?»

መልሴን ሳይጠብቅ ዘግቶ ከሌሎቹ ጋር ደረደረው። እኔ እዚያው ቆሜ ትንፋሹን መልሶ ሲያወጣው አየሁ፤ ብርድ ስለነበር ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ከመኪናው በላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ።